ጥብቄ ያጠበቀው ዳዶ

ጥብቄ አንዴ ያጠበቀውን ብሎን ከራሱ ከጥብቄ በቀር የሚፈታው ሰው የለም። ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩም ሾፌሩም ይለዋል፣ ሌሎቹ ጋራዦች ደግሞ እያማረሩ ይሉታል። እሱ የነካው መኪና ሌላ ጋራዥ ገብቶ ጎማ ይቀየር ከተባለ ጎረምሳው ሁሉ ቁልፉ ላይ ይንጠላጠላል፣ በእግሩ ይረግጠዋል፣ ይምላል ይገዘታል፤ በመጨረሻ ባለመኪናውን «ኧረ ወደዚያው ወደ ሰውዬህ ውሰደው!» ብሎ ይሸኘዋል። ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለ፤ ግን እሱን ራሱም የሚያስታውሰው ሲፈርም ብቻ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው የገዛ ልጁ ከሥራ አገደችው። ወይ ጉድ!

ጋራዡን ከባዶ ሜዳ ያቆመው እሱ ነው። ልጁ እዚያው ሞተር ስር አደገች፣ ሙያውን ተማረች፣ እሱ ደከም ሲል ደግሞ ኃላፊነቱን ተረከበች። ጎበዝ ናት፤ ይህን ጥብቄም አይክድም። ችግሩ የመጣው እሱ ያሰረው የአንድ ታክሲ ጎማ ቁልቁለት ላይ ብሎኑ ተበጥሶ መወላገድ የጀመረ ቀን ነው። ሾፌሩ ነቄ ስለነበር ቀስ ብሎ ዳር ያዘ፤ ማንም አልተጎዳም። ጥብቄ የተበጠሰውን ብሎን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣ «ብረቱ ነው! የዛሬ ብሎን ከምን እንደሚሠሩት እንጃላቸው» አለ። ልጁ ተቀብላ ጥርሱን አየችው። ብሎኑ ተስቦ ቀጥኗል፤ ከልኩ በላይ ተጠብቆ ነበር።

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወይ በቶርክ ቁልፉ ትሠራለህ፣ ወይ ቤት ታርፋለህ» አለችው።

ቶርክ ቁልፍ የምትለው ያንን ረጅሙን ነው፤ ልኩን ሞልተው ሲያጠብቁበት፣ ብሎኑ ሲበቃው «ቀጭ» ብሎ የሚናገረውን። ጥብቄ እሱን ቁልፍ ሲያይ ደሙ ይፈላል። «እሱ የተሠራው እጅ ለሌለው ሰው ነው። እኔ ብሎን ሲበቃው ጣቴ ይነግረኛል» ይላል። ያን ቀንም ይህንኑ ብሎ፣ ቱታውን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለና እያጉረመረመ ወጣ።

ቤት የዋለ ሜካኒክ መዓት ነው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ፣ መርፌዋን በአፏ ይዛ፣ ከጧት እስከ ማታ የሰው ልብስ ስትሰፋ ትውላለች። እሱ ደግሞ ቤቱን እየዞረ ያገኘውን ሁሉ ማጥበቅ ጀመረ። የበሩን ማጠፊያ አጠበቀ፣ የወንበሩን እግር አጠበቀ። የቧንቧውን መዝጊያ አጥብቆት ምስኪኗ ሴትዮ ፊቷን ለመታጠብ እሱን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ግድ ሆነባት። የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን ያጠበቀ ዕለት ግን ትዕግሥቷ አለቀና ልጇ ዘንድ ደወለች። «አባትሽን ወይ ውሰጂልኝ፣ ወይ የሚያጠብቀው ነገር ስጪልኝ!»

ልጅቷ በማግስቱ በሁለት እጇ ያቀፈችው ትልቅ ሳጥን ይዛ መጣች። ክዳኑ ላይ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ተስሏል፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለ፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ጎማዎቹ ከቦዲው ውጪ የወጡ። ውስጡ ያለው ብትንትኑ ነው፤ ከፕላስቲክ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠለ ስፍር ቁጥር የሌለው ዕቃ፣ ላስቲክ ጎማ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ ብሎኖች። ሲገጣጠም ከእውነተኛው መኪና ስምንት እጥፍ ያነሰ ነው፤ ያም ሆኖ ክንድ ሙሉ ይሆናል።

«ጭራሽ መጫወቻ!» አለ ጥብቄ። «ነገ ደግሞ ጡጦ ታመጪልኛለሽ።»

«መጫወቻ አይደለም። ጀምሮ የሚጨርሰው ሰው ጥቂት ነው ይላሉ» አለች ልጁ፣ አባቷን የት ጋ እንደሚያሳክከው የምታውቅ ናትና።

ጥብቄ አንዱን ቅርንጫፍ አንስቶ ወደ ብርሃን አየው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ ወገን፣ ስድስት በሌላው። ካርቡራቶሮቹ ሳይቀሩ አሉ። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ግን መልሶ አኮሳተረው። «እሺ፣ እንወራረድ። ይህን መኪና ገጣጥሜ ካስረከብኩሽ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ፤ በራሴ እጅ፣ ያለዚያ ቀጭ ባይ ቁልፍሽ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እሺ። ግን እንደ ደንበኛ መኪና እፈትሸዋለሁ። መሪው ሲዞር ጎማው ይዙር፣ ኮፈኑ ይከፈት፣ ሞተሩም የጎደለው አይኑር። አንዲት የተሰበረች ነገር ካገኘሁ ግን ቤትህ ትቀመጣለህ።»

«የተሰበረ? በኔ እጅ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

«እኔ ምስክር ነኝ» አለች ባለቤቱ፣ መርፌዋን ከአፏ ሳታወጣ።

የአገጣጠም መመሪያውን መጽሐፍ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገው። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲያወርድና ሲሰቅል ለኖረ ሰው የትኛው የትኛው ላይ እንደሚገባ ሥዕል ሊነግረው? ዕቃውን ግን በሳሙና አጠበው፤ ቅባት ያለበት ነገር ቀለም እንደማይዝ ያውቃል። በቀጭን ፒንሳ ከቅርንጫፉ እየቆረጠ፣ ጠባሳውን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ሞተሩን አቆመ። ሞተሩን ሲያበቃ ግን አንድ ነገር አናደደው፤ ሠሪዎቹ የካንዴላ ገመድ አላደረጉለትም።

«ይህ ሞተር በምን ሊነሳ ነው? በጸሎት?» አለ። ከአሮጌ ሬዲዮ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ፈልቅቆ አውጥቶ፣ አንድ በአንድ ከካንዴላ ወደ ማከፋፈያው ዘረጋው። የፍሬን ቱቦዎቹንም ራሱ ጨመረ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ አዲስ ሆኖ ሲብለጨለጭ ስላላማረው የእርሳስ ዱቄት አሸበት፤ ከሞተሩ ሆድ ሥር ደግሞ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንዲት የዘይት እድፍ ጣል አደረገ። «ዘይት የማያንጠባጥብ የእሽቅድምድም መኪና ዘይት የጨረሰ ነው» ብሎ ራሱ ተናግሮ ራሱ ሳቀ።

ቦዲውን የሚቀባ ቀን ጦርነት ሊነሳ ነበር። ከካርቶን ትንሽ የቀለም ክፍል ሠራና ከባለቤቱ ሥራ አጠገብ ዘረጋው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል።

«አንተ ሰውዬ! አንዲት ነጥብ ቀይ እዚያ ቀሚስ ላይ ካረፈች፣ ሙሽራዋ ፊት የምትቆመው አንተ ነህ!»

«እኔ እኮ ቀለም ስረጭ ዝንብ እንኳ አይቀባም» አለ፤ እንዳለውም ሆነ። ስስ አድርጎ ረጨ፣ አደረቀ፣ አለሰለሰ፣ ደግሞ ረጨ። ቀዩ ሲወጣ ባለቤቱ ራሷ ሥራዋን ትታ መጥታ ቆማ አየችው። ሳትነግረውም ከተራፊ ጥብጣብ ለሾፌሩ ወንበር የጣት ስፋት እንኳ የሌለው ቀበቶ ሰፍታ አመጣችለት። ጥብቄ ስፌቱን በማጉያ መስታወት አይቶ «ይሄስ ከኔም ይበልጣል» አለ። ከዚያ በፊት እሱ እንዲህ ሲል የሰማ ሰው ካለ ይናገር።

እንግዲህ የቀረው ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ የጥብቄ ግዛት ነው።

የእነዚህ መኪኖች ጎማ የሚያዘው መካከሉ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው። ዳዶው የሚገባው ጎማውን በሚሸከመው ሞዞ ላይ ነው፤ ሞዞው እዚህ ፕላስቲክ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ጥብቄ በሞረድ ያበጃትን ትንሽ ቁልፍ ይዞ የቀኙን የፊት ጎማ ዳዶ ማጥበቅ ጀመረ። አዞረ። ጨመረ። የስፌት መኪናው ድንገት ዝም አለ።

«ተው! ጮኸ እኮ!» አለች ባለቤቱ።

«ምኑ?»

«ፕላስቲኩ! ከዚህ ሆኜ ሰማሁት።»

«ገና መች ነከሰና» አለና አንድ ጨመረለት። «ቋ!» አለ ሞዞው፤ ለሁለት ተሰነጠቀ።

 ጥብቄን እንደ ልማዱ አፉ ቀደመው። «ፕላስቲክ! ከዱቄት ነው እንዴ የሚሠሩት? ገና ሳይነክስ?»

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አለች ባለቤቱ ዝግ ብላ።

«አያያዝ? ስለ አያያዝ አንቺ ልታስተምሪኝ!» ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ቁራጭ አንስቶ፣ ብሎን አስገብቶ፣ ሊያሳያት ቀስ ብሎ አጠበቀ። ሲነክስ ላቆም ብሎ ነበር። ተሰነጠቀ። ሌላ ቁራጭ አነሳ፤ እሱም ተሰነጠቀ። ሁሌም ከመሰንጠቁ በፊት ጣቱ ዝም ነው። ፕላስቲኩን እንደገና ሊረግም አፉን ከፈተ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ግን መልሶ ዘጋው።

ባለቤቱ ተነስታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቀኝ እጁን ያዘች። «ዓይንህን ጨፍን» አለችው።

«ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ጨፍን ብዬሃለሁ።»

ጨፈነ። ጠበቀ። ጠበቀ። «በይ እንጂ፣ ጀምሪያ!» አለ።

«ግለጥ።»

ሲገልጥ የመርፌዋ ጫፍ አውራ ጣቱ ላይ ተጭኖ ቆዳውን አጎድጉዶታል። እሱ ግን ምንም አልተሰማውም።

ያኔ ጥብቄ ፈራ። ከሾፌር ጋር ሲጣላ፣ ከክሪክ ላይ የወረደ መኪና ሊጨፈልቀው ሲል፣ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ነገሩ የመጣው ቀስ ብሎ ነበር። የሸሚዙ ቁልፍ እንቢ ሲለው ቁልፉን ሰደበ። ትኩስ ብርጭቆ ጣቱን ሲያቃጥለው ባለቤቱ ናት ውሃ የቋጠረውን አይታ የጮኸችው። ብሎን ሲበቃው የሚነግረው ጣት ከብዙ ጊዜ በፊት ዝም ብሎ ኖሯል፤ ጥብቄ ደግሞ እስኪነግረው ድረስ እየጠበቀ ይጨምርለት ነበር። ማጥበቅ ልማዱ ነው ስለተባለ ማንም አልጠረጠረም፣ ራሱም አልጠረጠረም።

«ብረቱ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «የታክሲው... ብረቱ አይደለም። እኔ ነኝ። ውስጡ ሰው ነበረ እኮ።»

ባለቤቱ እጁን አልለቀቀችም። «ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ለልጅቷም እንነግራታለን።»

«ሐኪሙ ጋ ነገ እንሂድ። ለልጅቷ ግን መኪናዬን ልጨርስና ራሴ» አለ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እልሁ ግን ተመልሶ ነበር። እልህ የሌለው ጥብቄ ምኑን ጥብቄ ነው!

ሐኪሙ እጁን በመዶሻና በላባ መረመረውና፣ ነርቭ ነው፣ መድኃኒት ይውሰድ፣ የሚመለሰው ከተመለሰም ቀስ ብሎ ነው አለው። ጥብቄ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ሥራው ላይ ተቀመጠ። የተሰነጠቀውን ሞዞ በሙጫ ገጠመው። ከአሮጌ እስክሪብቶ ናስ ቆርጦ፣ በሞረድ አሳስቶ፣ እንደ ቀለበት አጠለቀለት። ከበፊቱ ይልቅ ጠነከረ። ጎማው ሲገባ ቀለበቱን ይሸፍነዋል፤ ጎማውን ካልፈቱ በቀር የሚያየው የለም።

ዳዶውን ለማጥበቅ ግን ሌላ ዘዴ አስፈለገው። ጣት ካልነገረው ዓይን ይንገረው ብሎ፣ ዳዶው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ፣ ሞዞው ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አደረገ። በቁራጭ ፕላስቲክ ደጋግሞ ሞክሮ፣ የት ድረስ እንደሚችል ካወቀ በኋላ፣ ነጥቦቹ ሲገናኙ እንዲያቆም ለራሱ ደነገገ። ምን ያህል እንደከበደው! እጁ «ጨምር» ይለዋል፣ ዓይኑ «በቃ» ይለዋል። ባለቤቱ ከመስኮቱ ሥር ሆና ጆሮዋን ጥላ ትጠብቃለች። አራቱም ጎማ ሲገባ የስፌት መኪናው ሳይቋረጥ ዋለ።

የፍተሻው ቀን በምሳ ሰዓት፣ ጥብቄ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ መኪናውን ታቅፎ ጋራዡ ገባ። ባለቤቱ ከኋላው ናት። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተነጠፈ፤ ቀዩ መኪና ተቀመጠ። ሠራተኛው ሁሉ ምሳውን ትቶ ተሰበሰበ። ልጁ የእጅ ባትሪዋን አብርታ፣ አንዴም ሳትስቅ ጀመረች።

ኮፈኑን ከፈተች። የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን አንገቱን አስግጎ ገመዶቹን በጣቱ ተከተለ። «ጋሼ! የካንዴላው ቅደም ተከተል ሳይቀር ትክክል ነው እኮ!»

«ታዲያ እየተንተፋተፈ እንዲነሳ ፈልገህ ነው?» አለ ጥብቄ።

መሪውን በአንድ ጣት አዞረች፤ የፊት ጎማዎቹ ዞሩ። ማርሹን ነካች። ቀበቶውን አየችና እናቷን ዞር ብላ አየች። ወደ ሆዱ ስታጎነብስ የዘይቷን እድፍ አገኘች፤ ያኔ አልቻለችም፣ ሳቀች። በመጨረሻ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይዛ ወዘወዘች። ንቅንቅ የሚል የለም።

«ጎማ እንኳ አልፈታም» አለች። «አንተ ያጠበቅከውን ማን ሊፈታው? ስታገል ሰብሬው ዕዳ እገባለሁ። አልፏል! አባዬ፣ አሸንፈሃል።»

ጋራዡ በጭብጨባ ተናወጠ። ልጅቷ ሄዳ ቱታውን ከሚስማሩ አውርዳ አመጣችለት፤ አሳጥባ አስተኩሳው ነበር። ጥብቄ ተቀበላት። የፈለገው ሁሉ እጁ ላይ ነው። የናሱን ቀለበት የሚያውቅ ከባለቤቱ በቀር ማንም የለም፤ እሷ ደግሞ ዝም ብላ ታየዋለች። ዝም ቢል ነገ ጧት የሰው መኪና ሥር ነው፣ በገዛ እጁ፣ እንደ ድሮው። እንደ ድሮው የሚለው ሐሳብ ሲመጣበት ያ ታክሲ ቁልቁለቱ ላይ ታየው።

«ጎማውን ፍቺ» አለ።

«የቱን?»

«የፊቱን፣ የቀኙን።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ፒንሳ አነሳች። «በጣትሽ» አላት። ሠራተኛው ሳቀ፤ ጥብቄ የቀለደ መሰላቸው። እሷም ፈገግ ብላ ዳዶውን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ ለወጉ ያህል አዞረች። ዳዶው እሺ ብሎ ዞረ።

ሳቁ ቆመ። ልጅቷ ገና ትንሽ ሆና፣ አባቷ ያጠበቀውን ብሎን እፈታለሁ ብላ ቁልፍ ላይ ስትንጠላጠል ያደገች ናት። አንድም ቀን ፈትታ አታውቅም። «አባዬ... ተፈታ» አለች፣ አንድ ነገር እንዳጠፋች ሁሉ። ጎማውን ስታወጣ ናሱ ብልጭ አለ። «ይሄ ከሳጥኑ የወጣ አይደለም።»

«አይደለም። ሰብሬው ነው» አለ ጥብቄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብሎ ቆርጦ ነበርና፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ሁሉም እየሰማ ነገራት። «ጣቶቼ አይሰሙም። ሐኪም አይቶኛል። ሲበቃው አያውቁም፣ ዝም ብለው ይጨምራሉ። የታክሲውን ብሎን የበጠሰው የኔ እጅ ነው። አንቺ ልክ ነበርሽ።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለምን ዝም አልከኝ?»

«እኔስ መች አወቅኩ? ሳውቅ ይኸው ነገርኩሽ።» ቱታውን መልሶ ዘረጋላት። «ውርርድ ውርርድ ነው። የተሰበረ ካለ ቤት ነው ተብሏል፤ ተሰብሯል።»

ልጅቷ ቱታውን አልተቀበለችም። እንባዋን በክንዷ ጠራርጋ አባቷን አየችው። እሱም አያት።

«ግን ከውርርዱ በፊት ያልሽኝ ነገር ነበረ» አለ። «ወይ በዚያ በሚጮኸው ቁልፍ፣ ወይ ቤት ብለሽኝ ነበር። አሁንም ይሠራል?»

«ይሠራል» አለች።

«እንግዲያው አምጪልኝ።»

ከእነሱ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ የደንበኛ መኪና ክሪክ ላይ ቆሟል፤ ጎማው ገብቷል፣ ብሎኖቹ በጣት ብቻ ተይዘዋል። ጥብቄ ቱታውን በንጹሑ ሸሚዝ ላይ ለበሰ። ልጁ ረጅሙን ቁልፍ ልኩን ሞልታ ሰጠችው። የመጀመሪያው ብሎን ላይ አስገብቶ ትከሻውን ጣለበት። እጁ እንደ ልማዱ «ጨምር» አለው።

«ቀጭ» አለ ቁልፉ።

ሠራተኛው ሁሉ የጥብቄን እጅ ተመለከተ፤ ጥብቄ አንዲት ካልጨመረ ጥብቄ አይባልምና። እሱ ግን እጁን አነሳ።

«ሰማሁት» አለ፣ ወደ ሁለተኛው ብሎንም አለፈ።